ወጣት መሐለቅ ሰብሳቢዎች ሥራቸውን በምን ይጀምሩ?

በአክሱም ዙሪያ ክረምቱ በርትቶ ጎርፉ የእርሻውን አፈር ጠርጎ በሚያልፍበት ጊዜ፣ ከጣት ጥፍር ብዙ የማይበልጥ ክብ የነሐስ ቁራጭ ከጭቃው ውስጥ ብቅ ማለቱ የተለመደ ነው። ብዙውን ጊዜ ይህን አስቀድሞ የሚያየው ሕፃን ነው። ሕፃኑም ቁራጩን በልብሱ ጠርጎ ለመንገደኛ ይሸጠዋል፤ መንገደኛውም በኪሱ ከትቶት ይሄዳል። ከመቶ ዓመት በላይ በዚህ መንገድ እጅግ ብዙ የአክሱም ነገሥታት መሐለቅ ከተገኘበት ስፍራ ተለይቷል። የልጁ ሥራ ሲያዩት መሰብሰብ ይመስላል። ነገር ግን ዕቃው ከመሬቱ ጋር የነበረው ግንኙነት በዚያው ሰዓት ስለ ተቆረጠ፣ ለታሪክ ሊሰጥ ይችል የነበረው ምስክርነት አብሮ ጠፍቷል።

በትምህርት ቤት ያሉ ወጣቶች አሮጌ ገንዘብ ለመሰብሰብ ሲነሡ ዐይናቸው በመጀመሪያ የሚያርፈው በዚሁ በአክሱሙ መሐለቅ ላይ ነው። ይህም የሚያስደንቅ አይደለም። ከሦስተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ፣ ከንጉሥ እንዱቢስ ጀምሮ እስከ ሰባተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ድረስ የአክሱም ነገሥታት በወርቅ፣ በብርና በነሐስ በገዛ ስማቸው ገንዘብ አሳትመዋል። በዔዛና ዘመን ጨረቃውና ክቡ ምልክት ቀርቶ በቦታው መስቀል መቀረፁ፣ አንድ የእጅ ጥፍር የምታህል ዕቃ የአንድን መንግሥት የሃይማኖት ለውጥ ልትናገር እንደምትችል ያሳያል። ዳሩ ግን ጀማሪው በዚህ በኩል እንዲገባ መምከር ስሕተት ነው፤ ምክንያቱም ገዢ በተገኘ ቁጥር ቆፋሪ ይበረታል።

ስፍራው የታወቀ መሐለቅ ምን ያህል ትምህርት እንደሚሰጥ በአንድ ምሳሌ ማየት ይቻላል። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1980 በደቡብ የመን በአል መድሃሪባ 868 የአክሱምና 326 የሮማ የወርቅ መሐለቆች በአንድነት ተገኙ። የነሐሱ መሐለቅ ግን በብዛት የሚገኘው በኢትዮጵያና በኤርትራ ምድር ነው። ሊቃውንቱ ሁለቱን አስተያይተው፣ ወርቁ ለባሕር ማዶ ንግድና ለመንግሥት ክብር፣ ነሐሱ ለአገር ቤት ገበያ ይውል እንደ ነበር ለመገመት ቻሉ። እነዚያ 868 መሐለቆች አንድ በአንድ በየመንገደኛው ኪስ ተበትነው ቢሆን ኖሮ ዋጋቸው በወርቅነታቸው ብቻ በቀረ ነበር። በሕግም በኩል ቢሆን፣ ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ በድንገት ያገኘ ሰው ወዲያውኑ እንዲያስታውቅና ዕቃውን እንዲጠብቅ ያዝዛል፤ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትንም ይከለክላል።

እንግዲህ ወጣቱ ከየት ይነሣ ቢባል፣ ከቤቱ ሣጥን ነው። የ1969 ዓ.ም. ዓመት የተጻፈባቸው ባለ 1፣ ባለ 5፣ ባለ 10፣ ባለ 25ና ባለ 50 ሳንቲሞች በአንድ ወገን የአንበሳ ራስ ይዘዋል። በሌላው ወገን ባለ 1 ሳንቲሙ በበሬ የሚያርስ ገበሬ፣ ባለ 10ሩ የደጋ አጋዘን፣ ባለ 25ቱ እጃቸውን ያነሡ ወንድና ሴት ተቀርፆባቸዋል። አብዮቱ ራሱን ለሕዝቡ እንዴት ሊያሳይ እንደ ፈለገ ከዚህ የበለጠ በየኪሱ የገባ ምስክር አይገኝም። ሆኖም ኑሮ እየተወደደ በመሄዱ ትንንሾቹ ሳንቲሞች ከገበያ ርቀዋል። ባለ ሱቁም በመልስ ፈንታ ከረሜላ ወይም ማስቲካ መስጠትን ለምዷል። ሰው የማይፈልገውን ገንዘብ ማንም አያስቀምጥምና፣ ከአክሱሙ ነሐስ ይልቅ ይህ በሌላ አኳኋን ለመጥፋት የቀረበ ነው። ለወጣቱም ወጪ የለበትም፤ አያቱን መለመን ብቻ ይበቃዋል።

መልመጃውም ቀላል ነው። ወጣቱ ማግኔት ይዞ የ1969ን ባለ 10 ሳንቲም የ1996 ዓ.ም. ዓመት ከተጻፈበት ጋር ያስተያይ። የፊተኛውን ማግኔቱ አይስበውም፤ ናስ ነውና። የኋለኛውን ግን ይስበዋል፤ ውስጡ ብረት ሆኖ በላዩ ናስ የተለበጠ ነውና። መልኩ ሳይለወጥ ሥጋው ተለውጧል ማለት ነው። ቀጥሎም በማጉያ መነጽር የአንበሳውን የአገጭ ጢም ይመልከት። ዓመቱ አንድ ሆኖ ሳለ በአንዳንዱ ላይ ጢሙ ረዝሞ ወደ ዓመቱ ጽሑፍ ሲጠጋ፣ በሌላው ላይ እኩል ሆኖ ይታያል፤ ይህም ሥራው በተለያየ ቅርፅ መውጣቱን ያስረዳል። ይህን ልዩነት በራሱ ዐይን ያገኘ ልጅ ከዚያ በኋላ ማንኛውንም ገንዘብ ሳያገላብጥ አያሳልፍም።

ሁለተኛው ትምህርት፣ በመሐለቅ ላይ የተጻፈ ዓመት ሁሉ የታተመበት ዓመት አለመሆኑ ነው። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መልክ ያለባቸው የመዳብ ሳንቲሞች ሁሉም 1936 ዓ.ም. ይላሉ፤ ነገር ግን ይህንኑ ዓመት እንደ ያዙ ለብዙ ዓመታት ሲታተሙ ኖረዋል። ለዚህ ምስክሩ ባለ 25 ሳንቲሙ ነው። በመጀመሪያ ክብ ሆኖ ወጣ፤ በ1944 ዓ.ም. ገደማ ዳር ዳሩ እንደ አበባ ቅጠል የተከረከመው ሲተካው የተጻፈበት ዓመት ያው 1936 ነበር። ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀመጠ ተማሪ፣ ጽሑፍን ከሌላ ማስረጃ ጋር ሳያመሳክሩ አለማመንን ከታሪክ መምህሩ ንግግር ይልቅ ከእነዚህ ሁለት ሳንቲሞች ይማራል።

በዚህ ረገድ ከሁሉ የሚበልጠው ግን ሕዝቡ ማርትሬዛ ወይም ጠገራ ብር የሚለው ነው። የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1780 ሞተች። ከሞቷ በኋላ የታተመው ሁሉ የሞተችበትን ዓመት እንደ ያዘ ቀርቷል። በቪየና ብቻ ሳይሆን ከ1935 ጀምሮ በሮማ፣ ከዚያም በፓሪስ፣ በለንደን፣ በብሩክሴል፣ በቦምቤይና በበርሚንግሃም ታትሟል፤ የቪየናው ማተሚያ ቤት ዛሬም ማተሙን አልተወም። ሮማ ይህን ሥራ የጀመረችበት ዓመት ኢትዮጵያ የተወረረችበት ዓመት መሆኑ ያለ ምክንያት አይደለም። ወራሪው ጦር ሕዝቡ የማያምነውን ወረቀት ይዞ እህልና በቅሎ መግዛት እንደማይችል ታውቆ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክም አስቀድመው፣ 1887 ዓ.ም. የተጻፈበትን የራሳቸውን ብርና ግማሹን አላድ በፓሪስ አሳትመው ሳለ፣ ገበያው ለረጅም ጊዜ የለመደውን የንግሥቲቱን መልክ አልለቀቀም።

ጠገራ ብር ክብደቱ 28 ግራም ያህል ሲሆን፣ ከ1000 እጅ 833 ያህሉ ንጹሕ ብር ነው። ሻጩ ከመቀበሉ በፊት በንግሥቲቱ ጌጥ ላይ ያሉትን ፈርጦች ይቈጥር፣ ከምስሏ በታች የተቀረፁትንም ሁለት የላቲን ፊደላት ይፈልግ ነበር። ፊደሉን ማንበብ የማይችል ሰው ፊደሉን መርምሮ ሐሰተኛውን ከእውነተኛው ይለይ ነበር ማለት ነው። ከጠገራ ብር በታች ለሆነው ግብይት ደግሞ ከአፋር ምድር የሚመጣው አሞሌ ጨው፣ በኋላም ጥይት፣ በዝርዝር ገንዘብ ፈንታ ያገለግሉ ነበር። ስለዚህ ወጣቱ በስብስቡ ውስጥ አንድ አሞሌ ቢያኖር ከርእሱ ወጣ አይባልም።

ነገር ግን ጠገራ ብር በየቤቱ የሚገኘው እንደ ገንዘብ አይደለም። አንጥረኛው አቅልጦት መስቀል፣ ድሪ ወይም አልቦ አድርጎታል፤ አንዳንዱም ሳይቀልጥ ማንጠልጠያ ተበጅቶለት በአንገት ላይ ውሏል። እዚህ ላይ ሰብሳቢው ሊጠነቀቅ ይገባል። አንዲት ባልቴት ከእናታቸው የወረሱትን የአንገት ጌጥ፣ የልጅ ልጃቸው ለስብስቡ ብሎ ቢፈታው፣ ለባልቴቷም ለጥናቱም የሚጎዳ ሥራ ነው። ጌጡ ጌጥ ሆኖ ይቆይ። ወጣቱ ወረቀት በላዩ አድርጎ በእርሳስ በቀስታ ይሽ፤ ምስሉ ይወጣለታል። ከዚያ ተቀምጦ ይጠይቅ፤ ብሩ ከማን እጅ መጣ፤ የጥሎሽ ነበርን፤ ማንጠልጠያውን የሠራው አንጥረኛ የየት አገር ሰው ነው፤ በዚያን ጊዜ በአንድ ብር ምን ይገዛ ነበር? የተመለሰለትን ቃል ሳያሳምር፣ የተናገሩትን እንደ ተናገሩት ይጻፍ። መሰብሰብ ማለት መውሰድ ብቻ አለመሆኑን ቀድሞ የሚረዳው በዚህ ጊዜ ነው።

የገንዘብ ስሞችም እንደ ገንዘቡ ራሱ ሊሰበሰቡ የሚገባቸው ናቸው። ባለ 50 ሳንቲሙ ሽልንግ መባሉ፣ በ1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ሲታወጅ አንዱ ብር በሁለት የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ መመንዘሩን ይጠቁማል። ስሙኒ የሚለው ስም ደግሞ ስምንተኛ እጅ የሚል ትርጉም ያለውን የዐረብኛ ቃል ያስታውሳል፤ ይሁን እንጂ የተጠራበት ባለ 25 ሳንቲም የብር አራተኛ እጅ ነው። ስሙና ቁጥሩ ለምን እንደ ተለያዩ መጠየቅ ለአንድ የክፍል ጽሑፍ የሚበቃ ርእስ ነው። ቤሳ የተባለው ትንሽ ገንዘብ ከገበያ ከጠፋ ብዙ ዘመን ቢያልፍም፣ ባዶ ኪስ ያለው ሰው ዛሬም ቤሳ ቤስቲን የለኝም ይላል። ከአገር ውጭ የሚያድጉ የኢትዮጵያውያን ልጆች ሳንቲሞቹን በብዛት ባያገኙም፣ ስሞቹን ከወላጆቻቸውና ከአያቶቻቸው አፍ መሰብሰብ ይቻላቸዋል።

በትምህርት ቤት ማኅበር ማቋቋም ሥራውን ያጠነክረዋል። መምህሩ አንድ የጋራ መዝገብ ያኑር፤ ለእያንዳንዱ ዕቃ ቁጥር ተሰጥቶት የማዕድኑ ዐይነት፣ ክብደቱ፣ የጎኑ ስፋት፣ ያመጣው ሰውና የተገኘበት አገር ይጻፍ። ክብደቱን ለመመዘን የአንጥረኛ ሚዛን መዋስ ይቻላል። ተማሪዎቹ የተደገመውን ይለዋወጡ፤ በዋጋው ግን እንዳይወዳደሩ መከልከል ይሻላል። ውድድሩ ከገባ መዝገቡ ይዘነጋል፤ ሐሰተኛ ሻጭም መንገድ ያገኛል።

ስለ አያያዝ ብዙ መናገር አያስፈልግም። መሐለቅን በዳሩ መያዝ፣ እያንዳንዱን በደረቅ ወረቀት ከረጢት ለብቻው ማኖር፣ ቁጥሩንም በከረጢቱ ላይ እንጂ በመሐለቁ ላይ አለመጻፍ በቂ ነው። ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተው በማጽዳት ነው። በሎሚ፣ በአመድ ወይም በአሸዋ የታሸ መሐለቅ ለአንድ ቀን ያበራል፤ ለዘለዓለም ግን ቆዳው ይገፈፋል። በአክሱሙ መሐለቅ ላይ ጉዳቱ የከፋ ነው። የአክሱም ሠራተኞች በአንዳንድ የብርና የነሐስ መሐለቆች ላይ፣ በንጉሡ ራስ ወይም በመስቀሉ ዙሪያ፣ ስስ ወርቅ ይለብጡ ነበር። ይህ ጥበብ በሌላ አገር ገንዘብ ላይ በእጅጉ ብርቅ ነው። ያ ወርቅ ከዝገቱ በታች ተደብቆ ከሺህ ዓመት በላይ ኖሮ፣ በአንድ ልጅ አውራ ጣትና በአንድ እፍኝ አሸዋ በደቂቃ ይጠፋል።

ስለዚህ በትግራይ ያለ ተማሪ ከዝናብ በኋላ እንዲህ ያለውን ነሐስ ቢያገኝ፣ ሳያጥብና ሳያሽ ከነጭቃው በወረቀት ይጠቅልለው። የእርሻውን ስም፣ የባለ እርሻውን ስምና ቀኑን በወረቀቱ ላይ ይጻፍ፤ ስፍራውንም ለመምህሩ ያሳይ፤ መምህሩም ለአክሱም ቤተ መዘክር ወይም ለወረዳው የባህል ጽሕፈት ቤት ያድርስ። መሐለቁን ከዚያ በኋላ በቤተ መዘክሩ መስታወት ውስጥ ያየዋል። በአዲስ አበባ ላለ ተማሪ ደግሞ የብሔራዊው ቤተ መዘክርና በዩኒቨርሲቲው የሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ቅርብ ናቸው። ማጉያ መነጽሩንና የመዝገቡን ደብተር ይዞ ይሂድ፤ በቤቱ ያለውን ስሙኒ የመረመረበትን ጥያቄ ሁሉ በዚያ ላለው መሐለቅ ያቅርብለት።