የድርጅታችሁን አክሲዮን ትይዛላችሁ ወይስ ትሸጣላችሁ?

አሜሪካ ውስጥ በቴክኖሎጂ ሙያ የምንሠራ ሐበሾች ስንገናኝ የማይቀር ጥያቄ አለ፦ «ድርጅቱ በአርኤስዩ የሰጠኝን አክሲዮን ልሽጠው ወይስ ልያዘው?» አብዛኛው ሰው «ያዘው፣ ገና ይጨምራል» ባይ ነው።

እስቲ እንዲህ አስቡት። በአክሲዮኑ ፈንታ ጥሬ ገንዘብ ቢሰጧችሁ፣ በዚያው ገንዘብ የድርጅታችሁን አክሲዮን ትገዙ ነበር? መልሳችሁ «አይ» ከሆነ ለምን ትይዙታላችሁ? የገቢ ግብሩ እንደሆነ የሚታሰበው አክሲዮኑ እጃችሁ በገባበት ቀን ዋጋ ነው፤ ያኔውኑ ብትሸጡት የሚጨመርባችሁ ግብር እዚህ ግባ አይባልም።

ኤንሮን በዲሴምበር 2001 ከመክሰሩ በፊት፣ ከሠራተኞቹ የጡረታ ቁጠባ ከግማሽ በላዩ የዚያው የኤንሮን አክሲዮን ነበር። ብዙዎቹ ሥራቸውንም ቁጠባቸውንም ባንዴ አጡ።

እኛ ላይ ደግሞ ሌላም ይጨመራል። በኤች ዋን ቢ ቪዛ ያለ ሰው ሥራውን ቢያጣ ሌላ አሠሪ ለመፈለግ ያለው ጊዜ ቢበዛ 60 ቀን ነው። ደመወዙ፣ ቪዛው፣ አገር ቤት የሚረዳቸው ሰዎች፣ ሁሉም አንድ ድርጅት ላይ ተንጠልጥለዋል። ቁጠባውንም እዚያው መጨመር ምን ይባላል?

መያዝ ካማራችሁ ቢጠፋ የማያናጋችሁን ያህል ብቻ ያዙ። ከቀረው መጀመሪያ የጥቂት ወራት ወጪ አስቀምጡ፤ የተረፈውን በብዙ ድርጅቶች ላይ በሚበተን ኢንዴክስ ፈንድ ላይ አውሉት።