የቤተ ክርስቲያን የእንጨት ወለል አጸዳድ

ቤተ እግዚአብሔርን ማጽዳት ታላቅ አገልግሎት ነው። ይሁን እንጂ ያለ ዕውቀት የሚደረግ ጽዳት፣ ምእመናን ከጉድለታቸው አዋጥተው ያሠሩትን ወለል በጥቂት ዓመታት ሊያበላሸው ይችላል። ለልደት በዓል ተብሎ ውኃ የተደፋበት፣ በዱቄት ሳሙናና በሽቦ የተፈተገ የጣውላ ወለል ለዕለቱ የጸዳ ይመስላል፤ ውሎ አድሮ ግን ይደበዝዛል፣ ይጣመማልም።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። እንጨት ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይኮማተራል። ይህ ሲደጋገም መጋጠሚያው ይከፈታል። በላስታ ተራሮች የሚገኘው የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን እንጨት ከ800 ዓመታት በላይ ከቆየባቸው ምክንያቶች አንዱ፣ ዋሻው ከዝናብ ስለ ጋረደለት ነው።

የወለሉን ድምቀት የሚጠብቀው የተቀባው ቫርኒሽ ነው። ቫርኒሹን ከሁሉ ይበልጥ የሚበላው ደቃቅ አሸዋ ነው። ጫማ ወልቆ ቢገባም አቧራ በነፋስና በእግር ይገባል፤ ከምንጣፍ ሥር ተጠራቅሞም በተረገጠ ቁጥር ወለሉን ይፍቃል። ስለዚህ የሚከተለው ሥርዓት ይጠበቅ።

1. ምንጣፉ በየጊዜው ወጥቶ ይራገፍ፤ ወለሉም በለስላሳ መጥረጊያ ይጠረግ። ከምንጣፍ ሥር ላስቲክ ማንጠፍ እርጥበት ስለሚያፍን አይገባም።

2. የጧፍ ሰም እስኪጠነክር ይቆይና በእንጨት ወይም በፕላስቲክ ጠርዝ በቀስታ ይነሣ። ቢላዋና የፈላ ውኃ አይቅረቡት።

3. ከመወልወል አስቀድሞ አንድ ጠብታ ውኃ በወለሉ ጥግ ይፈተን። ውኃው ድቡልቡል ሆኖ ከቆመ ቫርኒሹ ደኅና ነው። ሰርጎ እንጨቱን ካጠቆረው ቫርኒሹ አልቋልና ወለሉ በደረቅ ጨርቅ ብቻ ይጽዳ፤ አናጺም ይማከር።

4. በአንድ ባልዲ ውኃ ጥቂት ጠብታ ለስላሳ ፈሳሽ ሳሙና ይበቃል። ጨርቁ እስኪያቅተው ተጨምቆ በእንጨቱ መስመር አቅጣጫ ይወልወል፤ ወዲያውም በደረቅ ጨርቅ ይታበስ።

5. በረኪና፣ ሎሚ፣ የምግብ ዘይትና ነጭ ጋዝ አይደረጉበት። በረኪናና ሎሚ ያደበዝዛሉ፤ ዘይት አቧራ ይሰበስባል፤ ነጭ ጋዝ ደግሞ ጧፍና ጽና ባለበት ስፍራ የእሳት አደጋ ነው።

ይህ መመሪያ ለአዳዲስ ሕንፃዎች ነው። የቅዱስ ላሊበላ 11 ውቅር አብያተ ክርስቲያናትና ሌሎች ጥንታውያን አድባራት ወለል ቅርስ ነው። ድንጋዩ ውኃ ይጠጣል፤ በለስላሳ መጥረጊያ ከመጥረግ ያለፈ ሥራ ሁሉ በቅርስ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት የባለሥልጣኑን ፈቃድና የባለሙያ ምክር ይሻል።

ወደ መቅደስ የሚገቡት ካህናትና ዲያቆናት ብቻ ስለሆኑ፣ ይህን ትምህርት ለጽዳት ሠራተኞች ብቻ መስጠት አይበቃም። ሰበካ ጉባኤያት ለዲያቆናትም እንዲያስተምሩ፣ ለጽዳትም ተራና ኃላፊ እንዲመድቡ እናሳስባለን። በየሳምንቱ የሚደረግ ቀላል ጽዳት፣ በበዓል ዋዜማ ከሚደረግ ከባድ እጥበት ይልቅ ወለሉን ያቆየዋል።