ፈንጣጣ፣ ክትባትና የተማሪዎች ጤና፦ ተረትና እውነታ

መስከረም 21 ቀን ወደ ግሸን ማርያም የሚተመውን ምእመን ያየ ሰው፣ በፈንጣጣ ዘመን እንዲህ ያለው ጉባኤ ምን ያህል ያሰጋ እንደነበር ይገባዋል። በሽታው በትንፋሽና በንክኪ ይተላለፍ ነበርና። በሽታው ጠፍቷል፤ ስለ ክትባት የሚነገረው የተሳሳተ ወሬ ግን አልጠፋም። ዛሬም ልጆቻችንን የሚነካ ስለሆነ እናጥራው።

ተረት፦ ክትባትን ያመጡልን ፈረንጆች ናቸው።

እውነታ፦ ደገኛው ዘመናዊው ክትባት ከመምጣቱ በፊት ፈንጣጣን ይከትብ ነበር። ከታማሚው ቁስል መግል ተወስዶ በምላጭ በተበጣ የጤነኛ ክንድ ላይ ይደረግ ነበር። በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ትግራይ የኖረው እንግሊዛዊ ናትናኤል ፒርስ ይህን ጽፏል። አባቶቻችን አንዴ የታመመ ዳግም እንደማይያዝ አስተውለው ነበር።

ተረት፦ ክትባቱ ራሱ ፈንጣጣ ያስይዛል።

እውነታ፦ ፍርሃቱ ከሜዳ የመጣ አይደለም። በባህላዊው ክትባት የሚገባው እውነተኛው የፈንጣጣ ቫይረስ ስለነበር፣ የተከተበው ሊታመም፣ ጎረቤቱንም ሊያስይዝ ይችል ነበር። የጤና ባለሙያው ክትባት የያዘው ግን ቫክሲንያ የተባለ፣ የፈንጣጣ ዘመድ የሆነ ሌላ ቫይረስ ነበር። መንታ ጫፍ ያላት መርፌ መድኃኒቱ ውስጥ ተነክራ ቆዳውን 15 ጊዜ ያህል ጠቅ ጠቅ ታደርግ ነበር። ቦታው ውኃ ይቋጥር፣ ቅርፊት ይሠራ ነበር፤ በሦስት ሳምንት ገደማም ረግፎ ጠባሳ ይቀር ነበር። ትኩሳት፣ አልፎ አልፎም ከበድ ያለ ጉዳት ሊያስከትል ይችል ነበር፤ ፈንጣጣ ግን አያስይዝም ነበር።

ተረት፦ በጃንሆይ ዘመን ልጅ ሁሉ ይመረመርና ይከተብ ነበር።

እውነታ፦ የጤና መኮንኖችንና የማኅበረሰብ ነርሶችን ያሠለጠነው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የተከፈተው በ1947 ዓ.ም. ነው። አገልግሎቱ ግን ከከተማና ከመኪና መንገድ እምብዛም አልራቀም፤ አብዛኛው የገጠር ልጅም ትምህርት ቤት አልገባም ነበር። ፈንጣጣን የማጥፋት ዘመቻ ጥር 1963 ዓ.ም. ሲጀመር፣ በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ከ26,000 በላይ ሕሙማን ተመዘገቡ። ከታቢዎች በእግርና በበቅሎ ገደሉን ወጥተው ወርደው፣ የአገራችን የመጨረሻው ታማሚ በደቡብ ምሥራቅ ኢትዮጵያ የተገኘው ነሐሴ 1968 ዓ.ም. ነው።

ተረት፦ የተማሪ ጤና ምርመራ ማለት መርፌ ነው።

እውነታ፦ ባለሙያው የዓይን ቆብ ገልብጦ ትራኮማ፣ ራስ ላይ ቆረቆር፣ አንገት ላይ እንቅርት ይፈልጋል። ትራኮማ በጊዜ ከተደረሰበት፣ ሽፋሽፍት ወደ ውስጥ ታጥፎ ብሌን እየቧጨረ ከማሳወሩ በፊት ይታከማል።

ተረት፦ ትምህርት ቤት ለሴት ልጆች የሚሰጠው ክትባት ያመክናል።

እውነታ፦ በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት የጀመረው ክትባት የማሕፀን በር ካንሰርን ከሚያመጣው፣ ኤችፒቪ ከተባለው ቫይረስ ይከላከላል። ሕይወት ያለው ቫይረስ የለበትም፤ በብዙ አገሮች በተደረገ ክትትልም መካንነት እንደሚያስከትል የሚያሳይ ማስረጃ አልተገኘም።

የአያቶቻችን ፍርሃት በዓይናቸው ያዩት ምክንያት ነበረው፤ የዛሬው ግን ከወሬ በቀር መነሻ የለውም። ከታቢዎቹ ሲመጡ ልጅዎን ከትምህርት ቤት አያስቀሩ። የሚያሳስብዎት ነገር ካለ እዚያው የጤና ባለሙያውን ይጠይቁ።