ለድንች ጎተራ መስኮት የጨርቅ መጋረጃ ስለ መስፋት

ድንች ዘርቶ ከማሳ ማውጣት የሥራው እኩሌታ ነው። ሌላው እኩሌታ የተሰበሰበውን ድንች እስከሚበላበትና እስከሚሸጥበት ቀን ሳይበላሽ ማቆየት ነው። በደጋው አገር ስዘዋወር እንደማየው፥ ብዙ ገበሬዎች «ነፋስ ያግኘው» ብለው ድንቻቸውን በመስኮት ሥር ዘርግተው ያስቀምጣሉ። አሳባቸው መልካም ነው። ነገር ግን ነፋስ በሚገባበት ብርሃንም ይገባል፤ ብርሃን ያገኘው ድንችም ከጥቂት ቀናት በኋላ ልጡ አረንጓዴ መሆን ይጀምራል።

አረንጓዴው ቀለም ራሱ አይጎዳም። ብርሃኑ ግን ቀለሙን ሲያመጣ ሶላኒን የተባለውን መርዝም አብሮ ያበዛዋል። ይህ መርዝ ድንቹን ያመርረዋል፤ የበላውን ሰው ሆዱን ያመዋል፥ ያስመልሰዋል፥ ተቅማጥም ያመጣበታል። ቢቀቅሉትም አይጠፋም። ስለዚህ በጣም አረንጓዴ የሆነውንና የመረረውን ድንች ለልጆችም ሆነ ለከብት መስጠት አይገባም።

«ታዲያ የመስኮቱን መዝጊያ ብንዘጋውስ?» ይሉ ይሆናል። መዝጊያው ቀንና ሌሊት ተዘግቶ ከቆየ ቤቱ ይታፈናል፤ የታፈነ ድንችም ያልበዋል፥ ይበሰብሳል። የሚያስፈልገው ቀን ወርዶ ብርሃንና ሙቀት የሚከለክል፥ ማታ ተጠቅልሎ ቀዝቃዛ አየር የሚያስገባ መጋረጃ ነው። ይህንንም በመርፌና በክር ከቤትዎ ሊሠሩት ይችላሉ።

የሚያስፈልጉት ዕቃዎች እነዚህ ናቸው፦ ነጭ አቡጀዲ፥ ጥቁር ወይም ጠቆር ያለ ወፍራም ጨርቅ፥ ሻሽ፥ አውራ ጣት የሚያህል ቀጥ ያለ ሸምበቆ፥ ቀጭን ጣውላና ምስማር። ያረጀ ልብስ ቢሆንም ታጥቦ ያገለግላል። የፀረ ተባይ መድኃኒት የነበረበትን ጆንያ ግን ከቶ አይጠቀሙ።

አሠራሩም እንደሚከተለው ነው።

1ኛ፤ መስኮቱን ይለኩ። መጋረጃው በአራቱም ወገን 10 ሳንቲሜትር ማለፍ አለበት። መስኮቱ ወርዱ 60፥ ቁመቱ 80 ሳንቲሜትር ቢሆን፥ ያለቀው መጋረጃ 80 በ100 ይሆናል። ለስፌትና ለእጥፋት ጨምረው ሁለቱንም ጨርቆች 86 በ112 አድርገው ይቁረጡ።

2ኛ፤ ሁለቱን ጨርቆች ደራርበው በቀትር ፀሐይ ፊት ይያዙ፤ ከኋላው እጅዎን ያንቀሳቅሱ። የጣትዎ ጥላ ከታየ ሦስተኛ ጨርቅ ይጨምሩ።

3ኛ፤ ፊትና ፊታቸውን ገጥመው ሁለቱን ጎን በ3፥ ታችኛውን ጠርዝ በ2 ሳንቲሜትር ገባ ብለው ይስፉ። ከዚያ እንደ ትራስ ልብስ ይገልብጡት። ታችኛውን ጠርዝ 5 ሳንቲሜትር አጥፈው ከሰፉ በኋላ 80 ሳንቲሜትር የሆነውን ሸምበቆ ያስገቡበት። ሸምበቆው ጨርቁን ወደ ታች ይወጥረዋል።

4ኛ፤ አስቀድመው ሻሹን በመስኮቱ መቃን ላይ ወጥረው ይምቱ። ሻሹ ሁልጊዜ በቦታው ይቆያል፤ ሌሊት እየገባች በድንች ላይ እንቁላል የምትጥለውን የድንች የእሳት እራት ይከለክላል። አይጥ የሚያስቸግር ከሆነ ወንፊት ሽቦ ይጨምሩበት።

5ኛ፤ ነጩን ወደ ውጭ፥ ጥቁሩን ወደ ውስጥ አድርገው፥ ላይኛውን 5 ሳንቲሜትር በጣውላው ጠብቀው በምስማር ይምቱ። ነጩ ፀሐይን ይመልሳል። ጠቅልለው የሚያስሩበት ሁለት የጨርቅ ማሰሪያ ከላይ ይተዉ፤ በግራና በቀኝ ጠርዝም ቀን በምስማር ላይ የሚያያዙ ቀለበቶች ይስፉ።

6ኛ፤ በሩን ዘግተው ጥቂት በውስጥ ይቆዩ። ዓይንዎ ጨለማውን ሲለምድ ብርሃን የሚሾልክበትን ቦታ በከሰል ምልክት አድርገው ይድፈኑ።

መጋረጃውን ጠዋት ጎሕ ሳይቀድ ያውርዱ፤ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ይጠቅልሉ። ውርጭ በሚጥልበት ሌሊት ግን ወርዶ ይደር፤ ውርጭ የመታው ድንች ይበላሻልና። የኤሌክትሪክ መብራትም ድንችን አረንጓዴ ያደርጋልና በጎተራው ውስጥ አብርተው አይተዉ።

ለዘር የሚሆነው ድንች ግን ሥርዓቱ ሌላ ነው። ጨለማ ውስጥ የቆየ ዘር ነጭ፥ ረጅምና ቀጭን ቡቃያ ያወጣል፤ ሲተከልም ይሰበራል። ለስላሳ ብርሃን ያገኘ እንደሆነ ቡቃያው አጭርና ጠንካራ ይሆናል። በሆለታ የግብርና ምርምር ማእከል በኩል ለገበሬዎች የተዋወቀው የዘር ድንች ማከማቻም በዚሁ ላይ የተመሠረተ ነው። ስለዚህ ለዘሩ መስኮት ጥቁሩን ጨርቅ ትተው በአንድ ስስ ነጭ ጨርቅ ብቻ ይጋርዱ፤ ፀሐይ በቀጥታ እንዳያርፍበት እንጂ ብርሃኑን አይከልክሉት። ዘሩንም በመደርደሪያ ላይ ከሁለት ወይም ከሦስት ድርብ ሳያበልጡ ይዘርጉ። ከጤነኛ ተክል የተገኘ ድንች አረንጓዴ ቢሆንም ለዘር ያገለግላልና ከመጣልዎ በፊት ይህን ያስቡ።

የልማት ሠራተኞች ሆይ፥ ይህን በቃል ብቻ አታስተምሩ። ከአንድ ጉድጓድ የወጡ ሁለት ድንቾችን ወስዳችሁ፥ አንዱን በመስኮት ላይ፥ ሌላውን ከመጋረጃው ጥላ ሥር ሁለት ሳምንት አስቀምጡ። ከዚያም ሁለቱን ጎን ለጎን ለተሰበሰበው ሰው አሳዩ። ዓይን ያየውን ጆሮ ከሰማው ይልቅ ያምኑታል፤ በሚቀጥለው ገበያም አቡጀዲ የሚገዛ አይጠፋም።