አምፖላችን ስንት ይበላል?

ወር ተገባዶ የመብራት ሂሳብ ሲመጣ በየቤቱ ጭቅጭቅ ይነሳል። አከራይ ተከራይን፣ እናት ልጆቿን "ማን ነው ሳያጠፋ ያደረው?" ብለው ይቆጣሉ። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ የሰው ሳይሆን የአምፖሉ ነው።

የቀድሞው አምፖል የሚያበራው በውስጡ ያለችውን ቀጭን ሽቦ አግሎ ነው። ከሚበላው ኃይል አብዛኛው ሙቀት ሆኖ ይባክናል። እጅ የሚያቃጥለውም ለዚህ ነው። ኤል.ኢ.ዲ. የሚባለው አምፖል ግን ባለ 9 ሻማ (ዋት) ሆኖ የባለ 60ውን ያህል ያበራል።

እስቲ እናስላ

ከጎንደር ወደ መተማ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው አይከል የሚኖር አንድ ቤተሰብ እናስብ። አራት ባለ 60 ሻማ አምፖሎች በየምሽቱ ለ5 ሰዓት ቢያበራ፣ በወር 36 ኪሎዋት ሰዓት ይቆጥርበታል። በባለ 9 ሻማ ኤል.ኢ.ዲ. ቢቀይራቸው 5.4 ብቻ ይሆናል።

እመቤቲቱ በሳምንት አንድ ቀን ለ2 ሰዓት በ3,500 ዋት የኤሌክትሪክ ምጣድ እንጀራ ብትጋግር፣ በአራት ሳምንት 28 ኪሎዋት ሰዓት ትጠቀማለች። በቀድሞው አምፖል ድምሩ 64፣ በአዲሱ ደግሞ 33.4 ነው።

50 ለምን ወሳኝ ሆነ?

የአገራችን ታሪፍ በእርከን የተሠራ ነው፤ ብዙ የተጠቀመ በውድ ዋጋ ይከፍላል። በ2011 ዓ.ም. ታሪፉ ሲሻሻል እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠቀሙት በቀድሞው 27 ሳንቲም ግድም ሲቀሩ፣ ከ500 በላይ ያለው ዋጋ በየዓመቱ እየጨመረ 2 ብር ከ48 ሳንቲም ገደማ ደረሰ። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ታሪፉ ለአራት ዓመት በየሦስት ወሩ እንዲጨምር ተወስኗል። እንግዲህ ከላይ ያየነው ቤተሰብ አምፖል በመቀየሩ ብቻ ከሁለተኛው እርከን ወደ መጀመሪያው ይወርዳል ማለት ነው።

በአንድ ቆጣሪ ብዙ ተከራይ ባለበት ግቢ ነገሩ ይከብዳል። የሁሉም ፍጆታ ተደምሮ ስለሚቆጠር፣ አንድ አምፖል ብቻ ያላት ድሃ ተከራይ በውድ እርከን ልትከፍል ትችላለች። አከራይም ተከራይም በአንድነት አምፖል ቢቀይሩ የሚጠቀሙት ሁሉም ናቸው።

የተሞከረ ነገር ነው

በ2001 ዓ.ም. መብራት በፈረቃ ይሰጥ እንደነበር ብዙዎቻችን እናስታውሳለን። በዚያን ጊዜ የኤሌክትሪክ ኃይል ኮርፖሬሽን በመጀመሪያ ዙር 350,000 ቆጣቢ አምፖሎችን በነፃ አደለ። የዓለም ባንክ ባለሙያዎች በ2013 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ አንድ ደንበኛ በወር ከ45 እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት መቆጠቡን ገለጹ። ከመጀመሪያዎቹ ተጠቃሚዎች አብዛኞቹ አነስተኛ ፍጆታ ያላቸው ነበሩ።

ምን እናድርግ?

• ሁሉንም በአንድ ጊዜ መግዛት ካልተቻለ፣ ረጅም ሰዓት ከሚበራው ክፍል እንጀምር።

• ስንገዛ ሱቅ ውስጥ አስበርተን እንይ። የሚርገበገበውን እንተው፤ ዋስትና ያለውን እንምረጥ።

• ያ ጥምዝምዙ ቆጣቢ አምፖል በውስጡ ጥቂት ሜርኩሪ አለው። ከተሰበረ ልጆችን አስወጥተን መስኮት እንክፈት። ስብርባሪውን በባዶ እጅ ሳንነካ በካርቶን ሰብስበን በዕቃ እንዝጋው። ኤል.ኢ.ዲ. ይህ ሥጋት የለበትም።

• አምፖል ከመቀየራችን በፊትና ከወር በኋላ የቆጣሪውን ቁጥር በደብተር እንመዝግብ። ጭቅጭቁን የሚፈታው ቁጥሩ ነው።