ወደ ሰምርኔስ ቤተ ክርስቲያን ስለ ተጻፈው ቃልና ስለ ኤጲስ ቆጶሱ ስለ ፖሊካርፖስ ጽናት
(ራእየ ዮሐንስ ምዕራፍ 2 ከቍጥር 8 እስከ 11)

ቅዱስ ዮሐንስ በፍጥሞ ደሴት ሳለ ወደ ሰባቱ አብያተ ክርስቲያናት እንዲጽፍ በታዘዘ ጊዜ፥ ከሰባቱ መካከል ነቀፋ ያልተነገረባቸው ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ እነርሱም ሰምርኔስና ፊልድልፍያ ናቸው። ሰምርኔስ በእስያ በባሕር ዳር የነበረች ታላቅ የንግድ ከተማ ናት፤ ዛሬ በቱርክ አገር ኢዝሚር ትባላለች። ስሟም በጽርእ ቋንቋ ከከርቤ ስም ጋር አንድ ነው። ከርቤ ጣዕሙ መራራ፥ ሽታው ያማረ፥ ለሙታንም መገነዣ የሚሆን ነውና፥ መከራን ለምትቀበል ቤተ ክርስቲያን የተገባ ስም ነው። ከተማይቱ በወርቅና በሸቀጥ የከበረች ስትሆን ምእመናኑ ድኾች ነበሩ፤ ጌታ ግን ድኽነታቸውን እያወቀ ባለጸጎች አላቸው። ባለ ርስትና ባለ ሹመት የሆነ ሰው ይህን ቃል በችኰላ ሊያልፈው አይገባም፤ በዚሁ መጽሐፍ ሎዶቅያ ባለጸጋ ነኝ ስትል ድኻ ተብላለችና።

በቍጥር 10 እስከ ሞት ድረስ ምእመን ለሚሆን የሕይወት አክሊል እንደሚሰጠው ተስፋ ተነግሯል። ምእመን የሚለው የግእዝ ቃል ያመነ ማለትም የታመነ ማለትም ይሆናል፤ በአማርኛም አማኝና ታማኝ ከአንድ ሥር የወጡ ናቸው። ማመን የአንድ ቀን ሥራ ሊሆን ይችላል፤ ታማኝነት ግን በዘመን ብዛት ካልሆነ አይታወቅም። ሎሌ በገባበት ቀን ታማኝ አይባልም፤ ጌታው በደግም በክፉም ቀን ፈትኖት ነው እንጂ። አክሊልም ያለው የንጉሥ ዘውድ አይደለም፤ በጽርኡ በውድድር ሜዳ ሮጦ ወይም ታግሎ ላሸነፈ የሚደፋለት ጕንጕን ነው። መከራው ዐሥር ቀን ነው መባሉ ስለ ምን ነው ቢሉ፥ ልኩ የታወቀ፥ ከተወሰነለት የማያልፍ ሲል ነው፤ ዳንኤልና ጓደኞቹ ዐሥር ቀን እንደ ተፈተኑ። አንድም ቤተ ክርስቲያንን ያሳደዱ ዐሥር ነገሥታት ናቸው የሚሉ አሉ። ነገር ግን ቃሉ አስቀድሞ ለሰምርኔስ ሰዎች የተጻፈ ነውና የፊተኛው ትርጓሜ ይበልጥ የቀና ነው።

ይህ ቃል እንዴት እንደ ተፈጸመ ለማየት የከተማይቱን ኤጲስ ቆጶስ የፖሊካርፖስን ታሪክ መመልከት ይገባል። (በዚህ ጽሕፈት ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) ሄሬኔዎስ እንደ ጻፈው ራእዩ የታየው በንጉሥ ድምጥያኖስ ዘመን መጨረሻ ነው፤ ይህም በ95 ዓ.ም. ገደማ ነው። ፖሊካርፖስ በሰማዕትነት ያረፈው ደግሞ በ155 ወይም በ156 ዓ.ም. ገደማ እንደ ሆነ ብዙዎች ሊቃውንት ይናገራሉ። እንግዲህ ቃሉ በተነገረበትና አክሊሉ በተቀበለበት መካከል 60 ዓመት ያህል አለ። ሰው ስለ ሰማዕት ሲያስብ እሳቱንና ሰይፉን ብቻ ያያል፤ እነዚያን 60 ዓመታት የሚመረምር ጥቂት ነው። የጽናቱ ምስጢር ግን ያለው በእነርሱ ውስጥ ነው።

የአንጾኪያው ኤጲስ ቆጶስ አግናጥዮስ ለአራዊት ሊሰጥ ታስሮ ወደ ሮሜ ሲወሰድ በሰምርኔስ አለፈ፤ ከዚያም ጢሮአዳ በደረሰ ጊዜ ለፖሊካርፖስ መልእክት ጻፈለት። በመልእክቱ ያዘዘው ታላቅ ተአምር እንዲያደርግ አይደለም። መበለቶች እንዳይረሱ፥ ባሮችና ገረዶች እንዳይናቁ፥ የጸሎት ጉባኤ እንዲበዛ፥ ደጎቹን ደቀ መዛሙርት ብቻ ሳይሆን አስቸጋሪዎቹንም በየዋህነት እንዲገዛ፥ ቀጥቃጭ እንደሚመታው መስፍም ጸንቶ እንዲቆም መከረው። መስፍ አይመታም፥ አይሸሽምም፤ ሥራው መቻል ነው። መበለት እየጠየቀ፥ አስቸጋሪ ደቀ መዝሙር እየታገሠ የኖረ ሰው ከመዶሻው ጋር አስቀድሞ ተላምዷል።

ፖሊካርፖስ ራሱም ለፊልጵስዩስ ሰዎች የጻፈው መልእክት እስከ ዛሬ አለ። በዚያች ከተማ ዋሌንስ የሚባል ቄስ ከሚስቱ ጋር ከመንገድ ወጥቶ ነበር፤ የጣለውም ፍቅረ ንዋይ እንደ ነበረ ከመልእክቱ ይታወቃል። ይህ ነገር ለካህናት እጅግ የሚያስፈራ ነው። ዋሌንስን አንበሳ አልከበበውም፥ እሳት አልነደደበትም፤ በሰላም ቀን በገንዘብ ወደቀ። ፖሊካርፖስ አዘነለት እንጂ አልረገመውም፤ የፊልጵስዩስንም ሰዎች እንደ ጠላት አትቍጠሯቸው፥ እንደ ታመመ ብልት መልሷቸው ብሎ መከራቸው። እጅ ቢታመም ያክሙታል እንጂ ቸኵለው አይቈርጡትምና። በሌላው መውደቅ የሚደሰት ሰው ራሱ እንደ ቆመ ያስባል፤ ነገር ግን የራሱ ቀን ገና አልመጣም።

ከዚህ በኋላ በሰምርኔስ ስደት ተነሣ። የሆነውንም የሰምርኔስ ቤተ ክርስቲያን ፊሎሜልዮን ለምትባል ከተማ ቤተ ክርስቲያን ጽፋ ላከች። በዚያ መልእክት ኵዊንጦስ የሚባል የፍርግያ ሰው ይገኛል። እርሱ ማንም ሳይፈልገው በገዛ እጁ ወደ ፈራጆች ሄደ፤ ሌሎችንም አብረውት እንዲሄዱ አደፋፈረ። አራዊቱን ባየ ጊዜ ግን ፈራ፤ በንጉሡ ስም ማለ፥ ለጣዖትም ሠዋ። በግብር ላይ የፎከረ ሁሉ በጦር ሜዳ እንደማይቆም መኳንንት ያውቁታል። ስለዚህ የሰምርኔስ ሰዎች በገዛ እጃቸው ለሞት የሚሄዱትን እንደማያመሰግኑ ጻፉ፤ ወንጌል እንዲህ አላስተማረምና። ጌታም ደቀ መዛሙርቱን በአንዲት ከተማ ቢያሳድዷቸው ወደ ሌላይቱ እንዲሸሹ አዝዟል።

ፖሊካርፖስ እንደ ትእዛዙ አደረገ። ወዳጆቹ ለምነውት ከከተማ ወጥቶ በገጠር ተቀመጠ፤ ባሳደዱትም ጊዜ ወደ ሌላ ስፍራ ሄደ። ይህ ፍርሃት አይደለም፤ የሞትን ሰዓት ለራሱ አለመቍረጥ ነው። በመጨረሻ አንድ የቤት ልጅ ተገርፎ ስፍራውን ባመለከተ ጊዜ ግን፥ መሸሽ ሲቻለው የእግዚአብሔር ፈቃድ ይሁን ብሎ ተቀመጠ። ለያዙት ጭፍሮች መብልና መጠጥ እንዲቀርብ አዘዘ፤ ለጸሎትም አንዲት ሰዓት ለምኖ ቆሞ ሁለት ሰዓት ያህል ጸለየ። በሠረገላም ያሳፈሩት ሹማምንት በለዘበ ቃል ቢያባብሉት እንቢ ስላለ ገፍትረው አወረዱት፤ እግሩም ተላጠ። እርሱ ግን ምንም እንዳልሆነ ሰው ፈጥኖ ሄደ።

ያመጡትም ስታድዮን ወደሚባለው የውድድር ሜዳ ነው፤ ይኸውም አክሊል የሚሰጥበት ስፍራ ነው። ገዡ ክርስቶስን ሰድበህ ዳን ባለው ጊዜ ፖሊካርፖስ ስለ ድፍረቱ ምንም አልተናገረም፤ ያገለገለበትን 86 ዓመት ቈጠረ፥ በዚያም ሁሉ ዘመን ከጌታው በደል እንዳላገኘ ተናግሮ እንቢ አለ። ኵዊንጦስ ወደ ሜዳው ይዞት የመጣው የዚያን ቀን ሙቀት ነበር፤ ሽማግሌው ግን 86 ዓመት ይዞ መጣ። ሊቸነክሩትም በወደዱ ጊዜ በእሳቱ ውስጥ ያለ ችንካር የሚያቆመኝ እርሱ ነው አለ፤ አሰሩት እንጂ አልቸነከሩትም። እሳቱም እንደ መርከብ ሸራ በዙሪያው ክብ ሆኖ ስላላጠፋው በስለት ወጉት።

ሥጋውም ከተቃጠለ በኋላ ምእመናን ከዕንቍና ከወርቅ አብልጠው አጥንቱን ሰበሰቡ፤ በሚገባም ስፍራ አኖሩት። በየዓመቱም ያረፈበትን ቀን እንደ ልደቱ ቀን አድርገው በዚያ እንዲሰበሰቡ ተስማሙ፤ ይህም ያለፉትን ለማሰብ፥ ገና ያልተፈተኑትንም ለማዘጋጀት እንደ ሆነ በመልእክታቸው ጻፉ። በስንክሳርም መታሰቢያው የካቲት 29 ቀን ይነበባል።