ጥላ በስንት ይሸጣል?

በመጋቢት ወር፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ ልጆቹን ይዞ መተማ ዮሐንስ ላይ ለመናፈስ የወጣ ሰው ካለ ወይ እንግዳ ነው፣ ወይ ቤቱ ቆርቆሮ ነው። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ ቤት ውስጥም ከውጭ አይሻልም። ታዲያ አየር የት ይቀበሉ? ደህና ደህና ጥላ ያላቸው ዛፎች በሆቴልና በሻይ ቤት ግቢ ናቸው። ጥላው ሥር ለመቀመጥ ወንበር ያስፈልጋል፣ ወንበሩ ትዕዛዝ ይጠይቃል። አራት ልጅ ላላት እናት አራት ጠርሙስ ለስላሳ ማለት ነው፣ ልጆቹም አንዱን ለሁለት ተካፈሉ ቢባሉ አይሰሙም። በምዕራብ ጎንደር ቆላ የቤተሰብ መዝናኛ ጉዳይ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ከሎጅና ከፓርክ ጋር ነው። ለእኔ ግን የጥላ ጉዳይ ነው፤ ጥላ ደግሞ እንደ ቦኖ ውኃ የማዘጋጃ ቤት ሥራ መሆን ነበረበት።

ቆላው ዛፍ አጥቶ አይደለም። ችግሩ የዕጣን ዛፉም ባኦባቡም ቅጠላቸውን የሚያራግፉት በበጋ፣ ልክ ፀሐይ በምትበረታበት ጊዜ መሆኑ ነው። በሐምሌ ለምለም የነበረው ጫካ በመጋቢት ጥላ የለውም። በሐሩሩ ወራት አረንጓዴ ሆነው የሚቆዩት ወንዝ ዳር ያሉት ሾላና ሁመር፣ ከተማ ውስጥ ደግሞ ኒም ናቸው። ሰሊጥና ጥጥ ዋጋ ባወጡ ቁጥር ምንጣሮው ወደ ወንዙ እየተጠጋ መጥቷል፤ የሾላ ጥላ ፈልጎ ጓንግ ዳር የወረደ ሰው የሽንኩርት መደብ ቢያገኝ አይግረመው።

አፄ ዮሐንስ አራተኛ ከደርቡሽ ጋር እዚህ የገጠሙት መጋቢት 1 ቀን 1881 ነው፤ ቆስለው በማግሥቱ አረፉ፣ ከተማውም ስማቸውን ወረሰ። የታሪክ መምህራን ስለ ውጊያው ብዙ ሲናገሩ፣ ከደጋ የወረደው ሠራዊት በየትኛው ወር ሐሩር እንደተዋጋ ግን እምብዛም አያነሱም።

ወሩ ለሽርሽርም ወሳኝ ነው። ሰሊጥ ታጭዶ፣ ተራግፎ ገበያ የሚወጣው ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር ነው፤ ያኔ ገንዘብ አለ፣ ጊዜ የለም። ታኅሣሥና ጥር ለቤተሰብ ምርጥ ወራት ናቸው፤ ንጋቱ ቀዝቀዝ ይላል፣ የጥምቀት ሰሞንም የሚውለው እዚያው ላይ ነው። ኢድ አል ፈጥር ግን ጨረቃን ስለሚከተል ባለፉት ዓመታት የዋለው በሚያዝያና በመጋቢት፣ በሙቀቱ ጫፍ ነው። በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ እየቀደመ ስለሚመጣ ጥቂት ዓመት የታገሠ ኢድን በጥር ያከብራል። እስከዚያው ሶላት ተሰግዶ፣ አዲስ ልብስ የለበሱ ልጆች ከሦስት ሰዓት በፊት ዘመድ ጠይቀው ካልተመለሱ ቀኑ ይከብዳቸዋል።

ብር የማይጠይቅ ዘዴም አለ። ቢጫው ጄሪካን ጆንያ ይለብሳል፣ ጆንያው በሲባጎ ይታሰርና ውኃ ይጠጣል፤ ከዚያ ነፋስ በሚያልፍበት በኩል ይንጠለጠላል። ጆንያው እየደረቀ ሲሄድ ውስጡ ያለው ውኃ ይቀዘቅዛል። ማታ የተዘፈዘፈ ከርከዴ በዚህ ዓይነት ዕቃ ከተያዘ ለስላሳ የሚጠይቅ ልጅ ይቀንሳል። ፉል ከዳቦ ጋር፣ አንድ ሐብሐብ፣ ሰሌን፣ በቃ። የሚያራግቡበት ነጠላም እርጥብ ይሁን፤ አየሩ ከ35 ዲግሪ በላይ ከሆነ ከቆዳችን ስለሚሞቅ ደረቁን ማራገብ የሚያቀብለን ትኩስ አየር ነው።

ጓንግ ሱዳን ሲገባ አትባራ ይባላል። በበጋ እዚህም እዚያም ኩሬ እየሆነ ይቆራረጣል፣ ልጅም ለመንቦጫረቅ ይጓጓል። በክረምት ግን አያምኑትም፤ የሚነሳው ከጎንደር በስተምዕራብ ካለው ደጋ ስለሆነ መተማ ላይ ጠብ ሳይል ደፍርሶ ሊመጣ ይችላል።

ከሁሉም የሚያሳስበኝ ምሽቱ ነው። ቀኑን ሙሉ የተቃጠለ ሰው ጀምበር ስትጠልቅ ሰሌኑን አውጥቶ ዛፍ ሥር ቢያነጥፍ ማን ይፈርድበታል? ነገር ግን ካላዛርን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብም የምትወጣው ያኔ ነው። ከወባ ትንኝ ታንሳለች፣ ድምፅ የላትም፤ ቀን በዋልካው ስንጥቅ ውላ ሲጨልም ትናከሳለች፤ ግራርና ላሎ ያለበት ጥቁር አፈር ይስማማታል። በሽታው ትኩሳት ለሳምንታት እያመላለሰ ሰውነትን ያከሳል፣ ጣፊያን ያሳብጣል፣ ካልታከመ ይገድላል። በብዛት የሚይዘው ሜዳ ላይ የሚያድረውን የሰሊጥ ቀን ሠራተኛ ነው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ለዚሁ የሕክምናና የምርምር ማዕከል አለው፣ አብደራፊ ላይም ድንበር የለሽ ሐኪሞች ለዓመታት ሲያክሙት ኖረዋል። ከተማ ነዋሪ ቤተሰብ እንደ ቀን ሠራተኛው ባይጋለጥም ከዛፍ ሥር ተኝቶ ማምሸት ግን ሊቀር ይገባል። በጋው ላይ የሚቀረው ሰዓት ከንጋት እስከ ሦስት፣ ከዚያ ከአሥር ሰዓት ተኩል እስከ አሥራ ሁለት ነው። ፀሐይ የምትገባው አሥራ ሁለት ተኩል ገደማ ስለሆነ ለመጠቅለል ጊዜ ይበቃል።

አቅም ያለው ድሮ መኪና ይዞ ሽቅብ ይወጣ ነበር። መተማ ከባሕር ወለል ከ800 ሜትር በታች፣ ጎንደር ከ2,000 በላይ ናቸው፤ በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ 6 ዲግሪ ያህል ስለሚቀንስ መንገዱ ላይ ያለችው አይከል ሲደርሱ ሹራብ የሚያስፈልጋቸው ልጆች ነበሩ። የፋሲል መዋኛ ዛፎች ሥር መቀመጥ ለቆላ ልጅ ሌላ ዓለም ነው። ሚያዝያ 2015 የሱዳን ጦርነት ስደተኛውን ወደ መተማ አመጣ፤ በዚያው ዓመት ክረምት አማራ ክልል ራሱ ወደ ግጭት ገባ። እገታ በሚነገርበት መንገድ ልጅ ይዞ ለሽርሽር የሚወጣ የለም። ስለዚህ መዝናኛው እዚያው ቆላው ላይ መገኘት አለበት።

ቋራ ውስጥ ያለው አልጣሽ ብሔራዊ ፓርክ በ1998 ሲከለል ስፋቱ ከ2,600 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነበር፤ ከሱዳኑ ዲንደር ጋር ይዋሰናል፣ አንበሳ እንዳለበትም በ2008 ተረጋግጧል። የመተማ ልጅ ግን አንበሳውን በስልክ እንጂ በዓይኑ የሚያይበት መንገድ የለውም። አዲስ አበባ ላይ አንድነት ፓርክ መስከረም 2012 ሲከፈት መግቢያው 200 ብር ነበር። እንዲህ ያለ ፓርክ ለመተማ አልመኝም፤ በር ያለው ነገር ሁሉ ቲኬት ቆራጭ ይከተለዋል።

ከ2011 ወዲህ በየክረምቱ ችግኝ ይተከላል፣ ፎቶም ይነሳል። ኒም ድርቅ ይችላል፣ ግን ችግኝ እያለ ከጥር እስከ ግንቦት ውኃ ካላገኘ ይደርቃል፣ ከፍየል ካልተጠበቀም አያድግም። በጀቱ ለተከላው ቀን እንጂ ለሚያዝያ ውኃ አይያዝም። እኔ ብጠየቅ መንገድ ዳር ሻይና ቡና የሚያፈሉ ሴቶችን አስጠጋበት ነበር። ቦታውን ያለ ኪራይ ይሥሩበት፣ በምላሹ ሁለት ሦስት ኒም ያሳድጉ፤ ዕቃ ያጠቡበትን ውኃ እንኳ ለዛፉ ቢያፈሱት ጥቂት አይደለም። ዛፉ ሲያድግ ግማሹ ጥላ ለወንበራቸው፣ ግማሹ ምንም ለማያዝ ሰው ይሁን ተብሎ በውሉ ይጻፍ።